«ባሌ» የምትለዋ የጀልባዋ ልጅ

በኬፓስ የተነሳ እቀናለሁ ብላ ኡሪካ አስባ አታውቅም። ቅናት ቆንጆ ወንድ የያዙ ሴቶች በሽታ ይመስላት ነበር። ኬፓስ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጆሮው ቀድሞት ክፍል የሚገባ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ አዛንፎ የሚቆልፍ ሰው ነው። ሥራ ላይ ሲያተኩር ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ያወጣል። ይህን ሰው ማን ይቀማኛል ብላ በሰላም ትተኛ ነበር።

ሁለቱም ዊንድሁክ ከተማ ባለ አንድ የሚዛን ጥገና ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። ወደ ዎልቪስ ቤይ የመጡት ለሥራ ነው፤ የዓሣ ፋብሪካ ሚዛን በጨውና በእርጥበት እየተበላ ስለሚዋሽ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። በመኪና ሲመጡ፣ በረሃው መሀል፣ ኬፓስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፦

«ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

ከኋላ የተቀመጡት አለቃቸው ሜሜ ሂልማ እያንኮራፉ ነበር፤ ወይም ያንኮራፉ መስለው ነበር።

የኡሪካ ልብ ዘለለ። ግን ወዲያው እሺ ማለት ያስንቃል ብላ «ሥራችንን ጨርሰን ስንመለስ እነግርሃለሁ» አለችው። የሄሬሮ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ወንድን ትንሽ ማስጠበቅ ከእናቷ የወረሰችው ነገር ነው። እሺታው ግን ያኔውኑ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ሥራው ካሰቡት ቀድሞ አለቀ። የፋብሪካው ሰዎች ደስ ስላላቸው የባሕር እንስሳትን በእጅ እየነኩ የሚጎበኙበትን የጠዋት ጀልባ ጋበዟቸው። ሜሜ ሂልማ በዚያው ማታ የባሕር መነጽር ሳይቀር ገዝተው ተዘጋጁ። ኬፓስ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እኔ ይቅርብኝ» አለ። «ባሕር ያዞረኛል። ጀልባ ላይ ወጥቼም አላውቅ።»

«ያዙርህ» አሉ ሜሜ ሂልማ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ወደቡ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከጀልባዋ መግቢያ ላይ ነጭ የጎማ ቦቲ የተጫማች፣ ረጅም፣ ፍንጭት ጥርሷ ከሩቅ የሚታይ ልጅ ቆማለች። ኬፓስን ስታየው ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ባሌ መጣ» አለች፣ የወደቡ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እናንተ ሰዎች፣ መንገድ ልቀቁለት፤ ባሌ መጣ።»

ኡሪካ ቆመች። ኬፓስ ደግሞ፣ ያ ሁለት ቃል ለመናገር አንድ ቀን የሚያስበው ኬፓስ፣ ሳያስብ መለሰ።

«ሚስቴ፣ ዛሬም አልታጠብሽም?»

«ምን ላድርግ፣ ሳሙና የሚገዛ ባል አጣሁ።»

«ሳሙናስ ሞልቷል፤ ከሽታሽ የተነሳ ግን ዓሣው ሁሉ ሸሸ።»

«ዓሣው የሸሸው ጆሮህን አይቶ ነው፤ ሸራ የተዘረጋ መስሎት።»

የጀልባዋ ሰዎች ሳቁ። ኬፓስ ወደ ኡሪካ ዞሮ በዝቅተኛ ድምፅ «የአጎቴ ልጅ ናት። ኤልፍሪዴ» አላት።

ኡሪካ አገሩ አገሯ ነውና ነገሩ ወዲያው ገባት። የእናት ወንድም ልጅና የአባት እህት ልጅ እንዲህ ነው የሚጫወቱት። ባሌ፣ ሚስቴ ይባባላሉ፤ ይሰዳደባሉ፤ የተቆጣ ተሸናፊ ነው። እሷም እናቷ መንደር እንዲህ ያሉ «ባሎች» አሏት፤ አንደኛው ጥርስ እንኳ የለውም።

የአጎት ልጅ ናት ብሎ መጽናናት ግን የሌላ አገር ሰው ነገር ነው። የአባቱ ወንድም ልጅ ብትሆን እህቱ ነበረች፤ ጉዳዩ አለቀ። ይቺ የእናቱ ወንድም ልጅ ናት። ቀልዱ አንድ ቀን እውነት ቢሆን የሚከለክል የለም። እንዲያውም ሽማግሎቹ የጥሎሽ ከብቱ ከቤት አልወጣም ብለው ደስ ይላቸዋል።

ኡሪካ ፈገግ ብላ ሰላምታ ሰጠቻት። ጥርሷን ብቻ ነው ያሳየቻት።

ጀልባዋ ከወደቡ ወጣች። ኤልፍሪዴ የሞተሩን ጩኸት የሚያሸንፍ ጉሮሮ አላት። በባልዲ ከባሕሩ እየቀዳች የያዘችውን ሁሉ ለእንግዶቹ ታዞራለች፤ የባሕር ኮከብ፣ ጣት የምታክል ሸርጣን፣ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት የሚርገበገብ ጄሊፊሽ።

«እጃችሁን መጀመሪያ አርጥቡ» ትላለች። «ባሕር ውስጥ ያደገ ነገር በደረቅ እጅ ሲነካ ይላጣል።»

ቅናት ባይኖር ኖሮ ኡሪካ የዚያን ቀን ደስታ እስከ ዛሬ ታወራው ነበር። ሜሜ ሂልማ አንድ ፔሊካን በረጅም መንቁሩ ዓሣውን ከነጓንታቸው ሲነጥቃቸው እንደ ልጅ ሳቁ። የባሕር ኮከቡ መዳፏ ላይ በማይታዩ እግሮቹ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ኮረኮራት። ከጉሙ ማዶ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች እንደ ሮዝ ጨርቅ ተዘርግተው ነበር። ግን አንድ ዓይኗ ባልዲው ላይ፣ ሌላው ኬፓስ ላይ ስለነበር የባሕሩን ግማሽ ብቻ ነው ያየችው።

ከዚያ ዓሣ በላው፣ እግሩ እንደ መቅዘፊያ የሆነ አንድ የባሕር ውሻ መጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጢማም ነው። ከውሃው ዘሎ በጀልባዋ የኋላ ደረጃ ወጣና ወለሉን በሆዱ እያራሰ በሰው መሀል ተንጎማለለ።

«ከንቲባው ናቸው» አለች ኤልፍሪዴ። «ጉቧቸውን ካልበሉ አይወርዱም።»

ከንቲባው ማንንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ ጥጉ መቀመጫ ሄዱና እርጥብ አገጫቸውን ኬፓስ ጉልበት ላይ አሳረፉ።

«አየህ፣ አልረሱህም» አለች ኤልፍሪዴ ዓሣ እየወረወረች። «ባለፈው እዚሁ ቁጭ ብለህ ግማሽ ባልዲ ነበር ያበላሃቸው።»

«ባለፈው መቼ?» አለች ኡሪካ።

ኬፓስ የባሕር ውሻውን ጢም መመርመር ጀመረ።

«በብርዱ ወራት ነዋ» አለች ኤልፍሪዴ። «ለሥራ ብቻውን የመጣ ጊዜ። ከጠዋት እስከ ምሳ እዚህ ተቀምጦ አንድ ነገር ሊነግረኝ አስቦ ሳይነግረኝ ሄደ።»

«ባሕር ያዞረኛል አላለም እንዴ?»

«ባሌን? እሱን የሚያዞረው ሌላ ነገር ነው።»

ኡሪካ ምራቋ መረራት። ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ያለው ሰው ከዚህች ሴት ጋር ግማሽ ቀን ባሕር ላይ ውሏል፤ የባሕር ውሻው ሳይቀር ያውቀዋል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሽማግሌ ልላክ ያላት እሷን ነው? ወይስ እንደዚያ እያለ በየከተማው የሚዞር ሰው ነው?

ኤልፍሪዴ ወደ እሷ መጥታ እጇን ያዘች።

«ነይ፣ አንቺም ንኪያቸው። ባለሥልጣን ቢሆኑም አይነክሱም። እጅሽ ግን ደረቅ ነው።» የኡሪካን እጅ ባልዲው ውስጥ ነከረችና የባሕር ውሻው አንገት ላይ አስቀመጠችላት። ጸጉሩ ወፍራም ነው፤ ከሥሩ ይሞቃል። ኡሪካ ሳታስበው ልቧ ራራ።

«ደግሞ ባሌን እንዲህ አፍጥጠሽ አትዪው» አለች ኤልፍሪዴ። «ያልቃል።»

«አይዞሽ» አለች ኡሪካ። «ከጆሮው በቀር የሚያልቅ ነገር የለውም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ኤልፍሪዴ ናት፤ ይህም ኡሪካን ይበልጥ አናደዳት።

ሜሜ ሂልማ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። ዓሣ ዓሣ ይሸቱ ነበር።

«ሲሰዳደቡ አትፍሪ፣ ልጄ» አሉ። «እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። የአክስቴ ልጅ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሰድበኝ ኖረ። አንድ ቀን ስድቡን ትቶ በስሜ ጠራኝ። ያን ቀን ነው የፈራሁት።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሊያገባኝ ነዋ። አሁን ቤት ቁጭ ብሎ የትም ትዞራለች እያለ ያማኛል።»

ኡሪካ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ጀልባዋ ኋላ ዞር አለች።

ኤልፍሪዴ ለእንግዶቹ ኦይስተር የሚባለውን ቅርፊታም የባሕር ምግብ እየከፈተች ነበር፤ አጭር ቢላዋ ቅርፊቱ ውስጥ ታስገባና ትፈለቅቃለች። ኬፓስ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይናገራል። ረጅም ነገር ነው። እሷ አልሳቀችም። እሱም አልሰደባትም። ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ኤልፍሪዴ ቀና ብላ ዓይኑን አየችውና፦

«ኬፓስ» አለችው።

በስሙ ጠራችው። ኡሪካ ይህን በጆሮዋ ሰማች፤ ሜሜ ሂልማም ሰምተው ወደ ባሕሩ ዞሩ።

ከኦይስተሩ ጠረጴዛ ሲመለስ ኡሪካ በጀልባዋ አፍንጫ በኩል፣ ነፋሱ ድምፅ በሚውጥበት ቦታ ጠበቀችው።

«ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን?»

ኬፓስ የተዛነፈውን ቁልፍ ፈታና መልሶ አዛንፎ ቆለፈው።

«አጎቴ ኤራስቱስን፣ የኤልፍሪዴን አባት፣ ታውቂዋለሽ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ቤታችሁ የሚመጣውም እሱ ነው፤ ሌላ ሰው የለኝም። በብርዱ ወራት ጠራኝና ኤልፍሪዴን ውሰዳት አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ላስብበት አልኩት። እምቢ ብለው ልጄን ናቅህ ብሎ ደጄን አይረግጥም። እሷ እምቢ ካለች ግን የልጅቷ ምርጫ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ያን ጊዜ የመጣሁት እምቢ በዪልኝ ልላት ነበር፤ አቃተኝ። ከዚያ አንቺ እሺ ካልሽኝ ድፍረት አገኛለሁ ብዬ መንገድ ላይ ጠየቅኩሽ። አሁን ለመንኳት።»

«ምን አለችህ?»

«ባሕሩን አየችና እሺ አለች።»

ኡሪካ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። መንገዱ ተጠረገ፤ አጎትየው ይመጣሉ፤ እሺ ብላ ትጨርሰዋለች። ግን ቀናተኛ ሴት የማታየው ነገር የለም። ኤልፍሪዴ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ አንድ ኦይስተር ይዛለች፤ ቢላዋውን ታስገባለች፣ ታወጣለች፣ አልከፈት ይላታል። ያንን ሁሉ ስትፈለቅቅ የዋለች እጅ አንዲቱ አቃተቻት። ኡሪካ ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልገው የዋለችውን ነገር አገኘችው። ኤልፍሪዴ ትወደዋለች። ማግኘቷ ግን እንዳሰበችው አልጣፈጣትም።

«ትወድሃለች፤ ታውቃለህ?» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ኬፓስ።

«እያወቅህ ነው እምቢታህን በእሷ አፍ የምትናገረው? እሷ እያለቀሰች አንተ ምስጉን ልጅ ሆነህ ልትቀር?»

«ኡሪካ፣ አጎቴ ካልመጣኮ አባትሽ...»

«አውቃለሁ። ያለ ሽማግሌ ከቤት የምወጣ ሴት አይደለሁም። አጎትህ ከተቀየሙ እኔና አንተ ቀረን ማለት ነው፤ እሱም ይገባኛል። ግን ሌላ ሴት እንባዋን ውጣ የላከችልኝ ሽማግሌ ደጃችን አይረግጥም። መልሴን ፈልገህ ከሆነ መልሴ ይኸው ነው። ራስህ ንገራቸው።»

ይህን ሰው በገዛ አፏ እያጣችው እንደሆነ ታውቅ ነበር። ትታው ወደ ኦይስተሩ ጠረጴዛ ሄደች።

ኤልፍሪዴ ፊቷን ሳታዞር አንድ ኦይስተር ከነቅርፊቱ ገፋችላት። «በሎሚ ነው የሚበላው።»

«ምንም እንዳትዪ» አለች ኡሪካ። «ለአባትሽ ራሱ ይናገራል።»

«ማ? ያ ፈሪ? ልጅ ሆነን አውራ ዶሮ አባሮት ዛፍ ላይ ወጥቶ ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ራሱ ይውረድ።»

ኤልፍሪዴ ያን ጊዜ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። ኡሪካን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ቀኑን ሙሉ ቀንተሽ ነው የዋልሽው።»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

«ጥሩ» አለች ኤልፍሪዴ። «እኔም።»

ሁለቱም ኦይስተራቸውን ዋጡ። ኡሪካ ከዚያ በፊት በልታው አታውቅም፤ ባሕሩን ከነጨውነቱ የጠጣችው መሰላት። ፊቷ ሲጨማደድ ኤልፍሪዴ ትንሽ ሳቀችባት።

ጀልባዋ ወደብ ስትደርስ ኬፓስ ማንንም ሳይጠብቅ ወረደና ስልኩን አወጣ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ነበር። ከብረት ምሰሶው ጋር ተጠግቶ ሲደውል ሦስቱም ሴቶች ቆመው አዩት፤ ሜሜ ሂልማ የባሕር መነጽራቸውን እንዳደረጉ።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ስለ ኤልፍሪዴ ነው። አላገባትም። የናቅኳት እንዳይመስልህ። ሌላ ሴት እወዳለሁ። ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ፈርቼህ ነው።»

ከዚያ በኋላ እየሰማ ቆመ። ምን እንደሰማ ባይታወቅም ትከሻው እየወረደ ሄደ። «እሺ» አለ፤ ደግሞ «እሺ»። ኡሪካ ነገሩ እንዳለቀ ገባት። ግን ሰውየውን በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ወዳው አታውቅም።

ኤልፍሪዴ በቦቲዋ እየተራመደች ሄዳ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«አባዬ፣ ኤልፍሪዴ ነኝ። የነገረህ እውነት ነው። አሁን ደግሞ የእኔን ስማ። እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አልጠየቅከኝም። እንኳን አልጠየቅከኝ። ልጅቷን አይቻታለሁ፤ ምላሷ ስለት ነው፤ ለእሱ የሚሆን ሰው ናት። ሽማግሌ ሆነህ ካልሄድክለት የምቀየምህ እኔ ነኝ፤ እሱን መቀየም ይሻልሃል ወይስ ልጅህን አለማስቀየም? በል፣ ባርኔጣህን አስቦርሽ።»

አንድም ጊዜ አልሳቀችም። ስልኩን ለኬፓስ መለሰችለትና እጇን ዘረጋችለት።

«በል፣ ወንድሜ» አለችው። «በሰላም ግባ።»

ወንድሜ። ኬፓስ እጇን ጨበጠ እንጂ አልሰደባትም። ወንድም የሚባል ሰው ስድብ አይፈቀድለትም።

ወደ ዊንድሁክ ሲመለሱ ሜሜ ሂልማ አላንኮራፉም። በረሃው መሀል ኡሪካ «እሺ ብዬሃለሁ» አለችው። በደስታ የምትለው መስሏት ነበር፤ ያለችው አንገቷን ደፍታ ነው።

አጎት ኤራስቱስ ባርኔጣቸውን አስቦርሸው መጡ። ጥቂት ጊዜ አኮረፉ፤ ከዚያ ስለ ከብት ማውራት ሲጀመር ኩርፊያውን ረሱት። ነገሩ ሁሉ በሥርዓቱ ሄደ።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ኤልፍሪዴ ስልክ ስትደውል «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» ትላለች፤ ደህና ነኝ ይላታል፤ ይዘጋል። ኬፓስ ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሙሉ ስልኩን እያየ ይውላል። ኡሪካ መጀመሪያ ግልግል መስሏት ነበር። እየቆየ ግን ያቺ «ባሌ» የምትለዋ ቃል ናፈቀቻት። ብትሰማው እንደምትቃጠል ታውቃለች፤ አለመስማቱ ይብስ አቃጠላት። አንድ ቀን ራሷ ደውላ «ሠርጉ ላይ ካልመጣሽ ከንቲባውን ነው የምጋብዘው» አለቻት። ኤልፍሪዴ ሥራ አለብኝ አለች።

ሠርጉ ኦካካራራ፣ በኡሪካ ወላጆች አገር፣ ነበር። ሴቶቹ ረጃጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የከብት ቀንድ የመሰለውን የራስ መሸፈኛቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል፤ ሥጋው ቀርቧል። ያኔ ከበሩ ላይ አቧራ የለበሰች፣ ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ ያደረገች ሴት ቆመች። ከቀሚሱ ሥር ነጭ ቦቲ ይታያል።

ጫጫታው ጋብ አለ። የወደዱትም ያሙትም ሁሉ ታሪኩን ያውቃሉ። ኤልፍሪዴ ማንንም ሳታይ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄዳ እጇን ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ሳታደርቀው መጥታ የሙሽሪትን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ ኬፓስን አየችው። ረጅም እይታ ነበር።

«ጣውንቴ» አለች ኤልፍሪዴ፣ ሠርገኛው ሁሉ እንዲሰማ። «ባላችን በልቷል?»

«አልበላም» አለች ኡሪካ። «ሚስቶቼ ሳይሟሉ አልበላም ብሎ አስቸግሮናል።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አጎት ኤራስቱስ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ኬፓስ አንድ ቁልፍ በተዛነፈ የሙሽራ ሸሚዙ ተነሳ።

«ሚስቴ» አላት። «ዛሬም አልታጠብሽም?»

ኡሪካ ቀናች። ጠጋ አለችና ኤልፍሪዴን አጠገቧ አስቀመጠቻት።